ጭጋግ የለበሰው ቴሌቪዥን

«ዓይናቸውማ አልቋል ወንድሜ፤ ምን እደብቅሃለሁ?»

ጋሽ ምስክር ይህን የሰማው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፊቱን በሳሙና ለቅልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መታጠቢያው ላይ እንዳጎነበሰ ነው። ድምፁ የአማቹ፣ የልጁ ባል ነው፤ የሚመጣውም ከወጥ ቤት ነው። በዚያ ቤት የመታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን ግድግዳ የሠራው ግንበኛ ብሎኬት ሲቆጥብ የኖረ ሰው መሆን አለበት፤ በዚህ በኩል ያዛጋ ሰው በዚያ በኩል «እንቅልፍ አልጠገብክም እንዴ?» ይባላል። አማቹ ስልክ ላይ ነበር። «አንድ ዓመት ሙሉ ‹ቴሌቪዥኑ ጭጋግ ለብሷል› እያሉን ነው። እኛ ሁላችንም ጥርት ብሎ ነው የሚታየን… አዎ፣ ዛሬ ትልቁን ልንገዛ ስንወጣ ይዘናቸው እንሄዳለን። በዚያው አያቸውና ከሰዓት እደውልልሃለሁ… እንደዚያ ከሆነማ ሰኞ ሌላ ሰው ብታስቀምጥ ነው የሚሻለው። እሳቸውን በር ላይ ወንበር ነገር ስጣቸው፤ የሚወጣ የሚገባውን ይጠብቁ።»

ስልኩ ማዶ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የቀለም ሱቁ ባለቤት ነው፤ ከአማቹ ጋር እሁድ እሁድ አብረው ኳስ ያያሉ። ጋሽ ምስክር በዚያ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም በጥብጧል። ሰው ከግድግዳው የረገፈ ቅርፊት፣ የተሰበረ ሳህን ጠርዝ ወይም የኮት ቁልፍ ይዞ ይመጣና «ይህን የመሰለ» ይለዋል። እሱ ከዚህኛው ጠብ፣ ከዚያኛው ጠብ ያደርግና በእንጨት ያማስላል፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አድርጎ፣ እፍ ብሎ አድርቆ፣ ከናሙናው ጎን ይይዛታል። ያቺ ጥፍር ሆን ተብላ ያደገች ናት። ቆርቆሮ ትከፍታለች፣ የደረቀ ቀለም ትልጣለች፣ ደንበኛ ሲነዘንዝ ጠረጴዛ ትቆረቁራለች። ታዲያ ወሬውም እንደ ቀለሙ ደማቅ ነው። እሱ የበጠበጠው ሰማያዊ ጣሪያ ላይ ተቀብቶ፣ ወፍ በመስኮት ገብታ ሰማይ መስሏት ወደ ላይ ስትበር በአናቷ ተላትማለች። አረንጓዴውን ደግሞ በግ አጥር ላይ ሲግጠው ውሏል። «ምስክር አለኝ!» ይላል ሁልጊዜ። ምስክሩ ግን ወይ ሞቷል፣ ወይ አገር ለቋል፣ ወይ በጉ ራሱ ነው፤ በጉም ተበልቷል። ሰፈሩ «ጋሽ ምስክር» ብሎ የሰየመው ለዚህ ነው፤ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው።

አረፋውን ታጥቦ መስታወት ውስጥ ዓይኑን አየ። ዓይኑም መልሶ አየው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቢቆጣ ይቀለው ነበር፣ ግን ፈራ። ምክንያቱም ጭጋጉ እውነት ነው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ እዚህ ልጁ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ፣ ማታ ማታ ያ ቴሌቪዥን ሲከፈት ሰዎቹ ሁሉ በእንፋሎት ውስጥ የሚያወሩ ይመስሉታል። ሱቅ ውስጥ ቀን ሙሉ ደህና ያያል፤ ምናልባት ሲመሽ ዓይኑ ይደክም ይሆናል ብሎ ራሱን አታለለ። ካለፈው ወር ወዲህ ግን አንዱን ናሙና ይዞ ወደ ደጅ ብርሃን አንድ ጊዜ ይወጣ የነበረው፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት ሦስት ጊዜ እየወጣ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ውሸት ሲያወራ አገር የሚሰማው ሰው፣ እውነቷን ብቻውን ይዟት ይዞር ነበር። ፎጣውን አነሳና «ይሄ ሰማያዊ ነው፣ ትንሽ ግራጫ ያለበት» አለው ፎጣውን። ፎጣው አልተከራከረም።

ቁርስ ላይ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ሶፋው ነበር። የአማቹ እናት፣ ጋሽ ምስክር በሆዱ «እትዬ ላስቲክ» የሚላቸው፣ የዚያን ቤት ዕቃ በሙሉ በላስቲክ አልብሰውታል። ሶፋው ላስቲክ ለብሷል፤ ሰው ተቀምጦ ሲነሳ ሶፋው አብሮ ሊነሳ ይቃጣዋል፣ ይጮሃልም። የፍሪጁ እጀታ ላስቲክ አለው፤ ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሁለት ጊዜ በጎማ ታስሯል፤ ምንጣፉ ላይ እንኳ ከበር እስከ ወንበር የላስቲክ መንገድ ተዘርግቷል። «አዲስ ዕቃ አዲስ እንደሆነ ይኑር» ነው ሕጋቸው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለ እሳቸው ብቻ፣ ከሩቅ፣ በረጅም መወልወያ አቧራውን ያራግፉለታል፤ ሌላ ሰው ከተጠጋው ይጮሃሉ። ማታ ማታም ዜና አንባቢውን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። «ይሄ ልጅ መልኩ አላማረኝም። ጉበቱን ነው። ሐኪም አያየውም እንዴ?» ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ ጸልየውለታል።

«ትልቁ ስክሪን ቢሆን ለአባዬም ይታየው ይሆናል» አለች ልጁ ሳህን እያነሳች። ልጁ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ከባሏ የስልክ ወሬ ምንም እንዳልሰማች ድምፅዋ ይመሰክራል። ጋሽ ምስክር አማቹን አየው። አማቹ የሻይ ብርጭቆውን ታች አየ።

ቴሌቪዥን ሊገዙ የሄዱበት ሱቅ ሦስት ፎቅ ነው፤ ሰው ከፀሐይ ሲገባ ላቡ ደርቆ እንዲያዛጋ የሚያደርግ ማቀዝቀዣ አለው። የቴሌቪዥኖቹ ክፍል ግድግዳ ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ፣ ከምሰሶው ወዲህ ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሁለቱም ስልሳ አምስት ኢንች ናቸው፤ አማቹ ክንዱን ዘርግቶ ሊለካቸው ሞክሮ ክንዱ አልበቃውም። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፊልም ይሄዳል፤ በቀቀን ክንፉን ይዘረጋል፣ ብርቱካን ለሁለት ይቆረጣል፣ ጭማቂው ይፈናጠቃል። ጋሽ ምስክር የዋጋ ወረቀቶቹን በራሱ ሚዛን አነበባቸው፤ የግራው ስልሳ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም፣ የቀኙ መቶ ሃያ፤ ከነቡሩሹ። ሻጩ ቲማቲም የመሰለ ቀይ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ነው፤ ባልደረቦቹ «ኢንጂነር» ይሉታል፤ እሱም አይቃወምም።

«እዩት እንግዲህ» አለ ኢንጂነሩ። «ጥቁሩን እዩት የቀኙን። ከሰል ነው። የግራውን እዩት፤ መቶ ጊዜ የታጠበ ሱሪ። ይሄኛው ቴሌቪዥን ነው፤ ያኛው ደግሞ…» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

እውነቱን ነው፤ ልዩነቱ ማንም የሚያየው ነበር። አማቹ ግን ወደ ጋሽ ምስክር ዞረና፣ ሐኪም በሽተኛን በሚጠይቅበት ለስላሳ ድምፅ «አባባ፣ ለእርስዎስ የቱ ይሻልዎታል?» አለ። ልጁ ወለሉን አየች። ጋሽ ምስክር ጥያቄው ስለ ቴሌቪዥን እንዳልሆነ ያውቃል። ጥያቄው ስለ ወንበር ነው፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ወንበሩ ወይስ የበር ጥበቃው። ቀና ብሎ አየ፤ ቀኙ ጥርት ያለ፣ ግራው ጭጋግ የለበሰ። ያው ጭጋግ! የቤቱ ጭጋግ፣ አንድ ዓመት ያስጨነቀው፣ እዚህ ድረስ ተከትሎት መጥቶ ግራው ላይ ተቀምጧል። ያኔ አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ቆርቆሮ ተከፍቶ ክዳኑ ወለል ላይ እንደወደቀ «ቂው!» አለ። የዓይኑ ጭጋግ ቢሆን ኖሮ፣ በየት አገር ነው ጭጋግ ግራውን መርጦ ቀኙን የሚምረው?

አንድ እርምጃ ተጠጋ። ሌላ እርምጃ ተጠጋ። አማቹ «ሲጠጉ ነው የሚታያቸው» ብሎ ለሚስቱ ሲያንሾካሹክ ሰማው፤ አልዞረም። በቀቀኑ ክንፉን ሲያርገበግብ ቀለሙ ይንቀሳቀሳል፤ ጭጋጉ ግን ከበቀቀኑ ጋር አይንቀሳቀስም። ባለበት ቆሟል፤ ከላይ ነው ያለው። ጭጋግ ከቀለም ውስጥ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ከቀለም በላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ለማወቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ቫርኒሽ ሲቀባ ማየት ይበቃል። ጭራሽ ከታች ጠርዙ ላይ የታተመው የፋብሪካው ስም ራሱ ደብዝዟል። ፊደል ደግሞ ኤሌክትሪክ አይበላም። ወደ ማዕዘኑ ጎንበስ አለ። ምስር የምታህል የአየር አረፋ አየችው… እሱም አያት።

«ኢንጂነር» አለ ቀና ብሎ፤ ድምፁ የወፏንና የበጉን ወሬ የሚያወራበት ድምፅ ሆኗል። «ይህን የታመመውን በአንድ ደቂቃ አድነዋለሁ። መሣሪያ አልፈልግም። ይቺ አውራ ጣቴ ትበቃኛለች።»

ኢንጂነሩ ሳቀ። ዙሪያውን ያሉ ገበያተኞችም ሳቁ። «ፋዘር፣ ይሄ እኮ የፓነል ጉዳይ ነው። የፋብሪካ ሥራ ነው።»

«ባድነውስ?»

«ካዳኑትማ ይህን ሰደርያ አውልቄ አለብስዎታለሁ!»

«ሰማችሁ?» አለ ጋሽ ምስክር ለሰዉ። «ምስክር ናችሁ።»

አማቹ እጅጌውን ያዘው። «አባባ፣ በናትዎ፣ ሰው እያየን ነው። እዚህ ወሬ አይሆንም።» ጋሽ ምስክር እጅጌውን ሊያስለቅቅ ሲል፣ ከወጡ ጀምሮ ዝም ያለችው ልጁ ተናገረች። «ልቀቀው» አለች ባሏን፣ በቀስታ። «ይሞክር።» አማቹ ለቀቀ።

ጥፍሯ ማዕዘኑ ላይ ገባች። አንድ ጊዜ ቧጨረች፣ ሁለት ጊዜ ቧጨረች፣ በሦስተኛው ያዘች። ከዚያ ምን አለፋችሁ፣ «ጭርርርርር» የሚል ድምፅ ሦስቱንም ፎቅ አዳረሰው። ከፋብሪካ አብሮ የመጣው፣ ዕቃው እንዳይጫር ተብሎ የተለጠፈው፣ ማንም «ይላጥ» ያላለው ስስ ላስቲክ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ በጋሽ ምስክር እጅ ላይ ተንጠለጠለ። ግራው ቴሌቪዥን ላይ በቀቀኑ ያን ጊዜ የተወለደ መሰለ። ቀዩ ቀይ ሆነ፤ ከክንፉ ሥር ማንም ያላየው ቢጫ ወጣ፤ ጥቁሩ ከሰል ሆነ። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴትዮ «እሰይ!» ብላ እልል አለች፤ ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም።

«ሲሸጥ እኮ ነው የሚላጠው» አለ ኢንጂነሩ፣ ፊቱ ሰደርያውን መስሎ። ግን ልጅ ነውና ቶሎ እጅ አልሰጠም። «ቢሆንም የቀኙ ይበልጣል። ብርቱካኑን እዩት፣ እንዴት እንደሚያበራ!»

«እንዲህ ያለ ብርቱካን በዕድሜዬ አንዴ ብቻ በጥብጫለሁ» አለ ጋሽ ምስክር። «ለተቆፈረ መንገድ አጥር ነበር፣ መኪና እንዳይገባበት። ማንም ላጥቶ አልበላውም። የቀኙን ድምቀት ከግራው እኩል አድርግልኝና እንነጋገር።»

በዚህ መሐል የሱቁ ሥራ አስኪያጅ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት፣ ጫጫታውን ሰምተው መጥተዋል። «አድርግላቸው» አሉ። ኢንጂነሩ ሪሞቱን አንስቶ የቀኙን ድምቀት አወረደ፣ የሁለቱን አስተካከለ። ሰዉ አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላልስ የሜዳ ቴኒስ የሚያይ መሰለ። ባለ ዘንቢሏ «እንግዲህ ውዱ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ኢንጂነሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከፈተና መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የዋጋውን ወረቀት አየ። ሳቁ ጣሪያ ነካ። እሱም ራሱ ሳቀና፣ ቃሉን አክባሪ ነውና፣ የሰደርያውን ቁልፎች አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር።

«ላስቲክ መላጥ ሌላ፣ ቀለም መለየት ሌላ» አለ አማቹ ለብቻው እንደሚያወራ። ለብቻው አልነበረም። ጋሽ ምስክር ሰደርያውን እየለበሰ ወደ ግድግዳው በአገጩ ጠቆመ።

«ይሄ ግድግዳ ሁለት ነጭ ነው» አለ ለሥራ አስኪያጇ። «ከምሰሶው ወዲያ ያለው ወተት ነው። ከምሰሶው ወዲህ ያለው ቢጫ ጠብ ብሎበታል፣ እንዲያው ሁለት ጠብታ፤ ሌላ ቆርቆሮ ነው። ከተቀባም ሁለት ዓመት አይሞላውም።»

ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ አደረጉ። «ቧንቧ ፈንድቶ አፍርሰን ያስቀባነው ነው» አሉ። «ያስቀባሁት እኔ ነኝ፤ ለኔ እንኳ አንድ ነው የሚመስለኝ። ማን ነገረዎት?»

«ግድግዳው።»

«የሚሠሩት የት ነው? ላይኛው ፎቅ ሊቀባ ነው፤ ቀለሙን እርስዎ ቢበጠብጡልኝ ደስ ይለኛል።»

ጋሽ ምስክር የሰደርያውን የመጨረሻ ቁልፍ ቆለፈ። ትንሽ ጠበበው፤ ሆዱን ሳበ። የቀለም ሱቁን ስም ነገራቸውና፣ «እስከ ሰኞ እዚያ ነኝ» አለ። «ከሰኞ በኋላ የት እንደምሆን አማቼን ይጠይቁት። እሱ ነው የሚያውቀው።»

አማቹ ጆሮው ቀላ። «ሰኞ ምንድን ነው?» አለች ልጁ። «ዛሬ አንግዛ» አለ ጋሽ ምስክር። «መጀመሪያ ቤት አንድ ነገር ልይ።» ወደ ቤት በተሳፈሩበት አውቶቡስ ውስጥ ሦስቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አማቹ በመስኮቱ በኩል ሱቅ ሁሉ እንደ አዲስ የተከፈተ ይመስል ውጭ ውጭውን ያያል። ልጁ ሦስት ጊዜ «ሰኞ ምንድን ነው አልኩህ» አለችው። በሁለተኛው ላይ ትኬቱን ከኪሱ አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። በሦስተኛው ነገራት። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ እስከ መጨረሻው ፌርማታ የደረሰ፣ ለብቻው ትኬት ሊቆረጥለት የሚገባ ዝምታ ነበር።

እትዬ ላስቲክ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የቀትሩን ዜና ያያሉ። ዜና አንባቢው እንደወትሮው በእንፋሎቱ ውስጥ ሆኖ ያወራል። ጋሽ ምስክር ከነቀይ ሰደርያው ገባ፤ የላስቲኩን መንገድ ትቶ በምንጣፉ ላይ ተራመደ፤ ወንበር ጎትቶ ወጣበት።

«ምን ሊያደርጉ ነው? ይውረዱ! ይጫራል እኮ!» እትዬ ሲነሱ ሶፋው አብሮ ጮኸ።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።»

«ለምን እጨፍናለሁ? ሌባ ነኝ ወይስ…»

«ጭርርርርር!» አራት ዓመት የከረመ፣ የቢጫ አዝማሚያ የያዘ፣ አቧራ ከሥሩ የገባ ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ቤቱ በአንድ ጊዜ በራ። ዜና አንባቢው ግራጫ መስሎ የኖረው ኮቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ጉንጩ ላይ ደም መጣ፤ አገጩ ላይ ትንሽ ምልክት፣ ክራቫቱ ላይ ነጠብጣብ ተገኘ። ከኋላው ባዶ ግድግዳ ያሉት ነገር ለካስ ከተማ ነበር፤ ከነፎቁ፣ ከነሰማዩ። ልጁ አፏን በእጇ ያዘች። አማቹ በቆመበት ቀረ። እትዬ ላስቲክ ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ዳነ!» አሉ። «እሰይ! ዳነልኝ!»

ጋሽ ምስክር ወንበሩ ላይ እንደቆመ ወደ አማቹ ዞረ። አልተቆጣም። «ከሰዓት እደውላለሁ ብለህ ነበር» አለው። «ከሰዓት ሆኗል።» አማቹ ስልኩን አውጥቶ ለባለሱቁ ደወለ። ልጁ ተጠግታ የድምፅ ማጉያውን ራሷ ተጫነችው።

«እ… ስለ አባባ ነበር» አለ አማቹ። «ተሳስቻለሁ። የታመመው ቴሌቪዥኑ ነበር። እሳቸው ብቻ ናቸው ያዩት፤ ያላየነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ሰኞስ?» አለ የባለሱቁ ድምፅ።

አማቹ ቀና ብሎ አማቱን አየ፣ ወንበር ላይ፣ በቀይ ሰደርያ፣ ላስቲኩን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጥሎ። «ሰኞ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ማንም እንዳይቀመጥበት። ደግሞ አንድ ትልቅ ሱቅ ሙሉ ፎቅ የሚቀባ ቀለም በስማቸው ሊታዘዝ ነው፤ ቆርቆሮ አዘጋጅ።» ስልኩ ሲዘጋ «አባባ፣ ይቅርታ» አለ። ጋሽ ምስክር ጭንቅላቱን ነቀነቀና ከወንበሩ ሊወርድ እጁን ዘረጋ፤ አማቹ ደግፎ አወረደው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰደርያ የለበሰ ሰው ቤት አይቀመጥም። ጋሽ ምስክር ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ወረደ። ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ ለወሬ ከዚህ የተሻለ ጉባኤ የለም። «ላስቲኩ ስንት ሜትር ነው መሰላችሁ?» አለ። «አሥራ ሁለት! ስገፈው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለ ሰው በድምፁ ደንግጦ የገዛውን ፍሪጅ መለሰ። ሥራ አስኪያጇ አለቀሱ። ቤትም ገብቼ ቴሌቪዥኑን ስገፈው ዜና አንባቢው ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ‹እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ› አለኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ አቆመ። «ምስክር?» አለ፤ ሦስቱም ተራ ጠባቂዎች ለመሳቅ አፋቸውን ከፈቱ።

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። እትዬ ላስቲክ ናቸው፤ የተገፈፈውን ላስቲክ ጥቅል አድርገው ብብታቸው ውስጥ ይዘዋል፤ ላስቲክ ይጥላሉ ብሎ የጠበቀ አይኖርም።

«ዜናው ሊጀምር ነው፤ ልጠራዎት ነው የመጣሁት» አሉ ለጋሽ ምስክር። «ከሶፋው ላይ አንዱን መቀመጫ ገልጬልዎታለሁ። የእርስዎን ብቻ።» ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩና ጥቅሉን ከፍ አድርገው አሳዩት። «አሥራ ሁለት ሜትር አይሞላም። ዜና አንባቢውም አላናገራቸውም። ቴሌቪዥኑን ማዳናቸው ግን እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ አልሞትኩም፣ አገርም አልለቀቅኩም።»